ሰማያዊዋን ሣጥን ባዶዋን ልሰጥሽ ነበር

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

«እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ከእኔ ክፍል እስከ አንቺ ክፍል ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ተውኩት። አሁንም ካርቶን ስታሽጊ ይሰማኛል። ፊት ለፊት ስንነጋገር ደግሞ እናትሽ እየገባች ወሬውን ትወስድብኛለች። ስለዚህ ጻፍኩት። ዓርብ ጠዋት ከሴንት ፖል ተነሥታችሁ ሰኞ ማታ ኮሎምበስ ትገባላችሁ። ስለ መኪናው አልሰጋም፤ ዘይቱን አስቀይሬያለሁ፣ ጎማውንም በእጄ ዳብሼዋለሁ። የማወራሽ ስለ ሆድሽ ነው።

ትናንት «ምን ልትበሉ ነው?» ብዬ ስጠይቅሽ «ነዳጅ ስንቀዳ የሆነ ነገር እንገዛለን» አልሽኝ። ይህቺ «የሆነ ነገር» እንቅልፍ ነሳችኝ።

ያንን መንገድ አሥራ አንድ ዓመት በከባድ መኪና ተመላልሼበታለሁ። 94 ቁጥር እስከ ቺካጎ፣ 65 እስከ ኢንዲያናፖሊስ፣ 74 እስከ ሲንሲናቲ፣ 71 እስከ ኮሎምበስ። ከመቀመጫዬ ኋላ ያቺ ሰማያዊ ማቀዝቀዣ ሣጥን አለች፤ ውስጧ የእናትሽ ድርቆሽ፣ በሶ፣ አንዳንዴ ደረቅ ጥብስ። እናንተ «አባታችን ቆጣቢ ነው» ስትሉ እሰማ ነበር፤ አላስተባበልኩም፤ ደስ የሚል ስም ነው። እውነቱን ግን ዛሬ ልንገርሽ። ገንዘብ አልነበረም የያዘኝ፤ ሰልፍ ፈርቼ ነው። ባንኮኒው ጋ ስደርስ ሻጩ በጥድፊያ የሚጠይቀኝ እንዳይጠፋኝ፣ ከኋላዬ ያለው ሰው እንዳይተነፍስብኝ። ከነጭነቱ 36 ቶን የሚመዝን መኪና በበረዶ ላይ የሚነዳ ሰው ሳንድዊች ማዘዝ ፈራ።

ሁለተኛ ክፍል ሳለሽ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዘሽ መጣሽ። «አባዬ፣ ቺካጎ ያሉ ሰዎች ምን ይበላሉ?» አልሽኝ። በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ቺካጎ ደርሼ ተመልሼ ነበር። የማውቀው የመጋዘን በሮችን ነው። «ዳቦ» አልኩሽ። አንቺም አንገትሽን ደፍተሽ «ዳቦ» ብለሽ ጻፍሽ።

በሚቀጥለው ጉዞ ተሰለፍኩ።

ቤቷ ትንሽ ናት፤ የምሳ ሰዓት ነው፤ መኪናዬን ከመጋዘኑ ግቢ ትቼ በእግሬ ሄጄ ነው። የዋጋ ዝርዝሩን አሥር ጊዜ አነበብኩት። ተራዬ ሲደርስ የጣሊያን ሥጋ የሚሉትን አዘዝኩ። ሰውየው ቀና እንኳ ሳይል «ደረቅ፣ እርጥብ ወይስ የተነከረ?» አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ «ጣፋጭ ቃሪያ ወይስ የሚያቃጥል?» ጨመረ። ከሁሉም የገባችኝ የመጨረሻዋ ብቻ ናት፤ «የሚያቃጥል!» አልኩ፤ ሳላውቀው ጮኬ ኖሯል። ሰውየው ዳቦውን ከነሥጋው በመቆንጠጫ ያዘና ወርዶ እስኪሰጥም መረቁ ውስጥ ነከረው። ደነገጥኩ። ፍትፍት በልቶ ያደገ ሰው ዳቦ መረቅ ሲነካ ለምን እንደሚደነግጥ እንጃ።

ወንበር የለም። ግድግዳው ላይ ክርን የሚያስደግፍ ጣውላ አለ፤ ሠራተኞቹ ሁሉ ክርናቸውን ጣውላው ላይ ተክለው፣ እግራቸውን ወደ ኋላ ስበው፣ ጎንበስ ብለው ይበላሉ፤ መረቁ ሸሚዝ ላይ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ እንዲንጠባጠብ ነው። እኔም እንደነሱ ቆምኩ። ሥጋው እንደ ወረቀት ሳስቶ የተቆረጠ ነው። ድሃ የጣሊያን ስደተኞች ጠንካራውን ርካሽ ሥጋ ቀስ ብለው ጠብሰው፣ አንዱ ለብዙ የሠርግ እንግዳ እንዲዳረስ አሳስተው ይቆርጡት ነበር ይባላል። ላዩ ላይ ጃርዲኔራ ያደርጉበታል፤ ቃሪያ፣ ካሮት፣ አበባ ጎመንና ሴለሪ ተከትፎ በዘይት የተዘፈዘፈ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከጎኔ የቆመው ሰው የወረቀት ማበሻ አቀበለኝና ምንም ሳይናገር መብላቱን ቀጠለ። እንግዲህ የቺካጎ ሰው የሚበላው ዳቦ ነው ብዬሽ የዋሸሁት ግማሹን ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው የምጽፍልሽ።

ማንንም «ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?» ብለሽ አትጠይቂ። ሰው እንግዳ ሲያከብር ውዱን ነው የሚያሳየው። «አንተ ዛሬ ምሳህን የት በላህ?» በዪው። የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ፣ ሥራውን ጨርሶ የሚወጣ ነርስ፣ ዕቃ የሚያራግፍ ሰው አይዋሽሽም። ስልክሽ ላይ ያሉትን ኮከቦች ተያቸውና የሚያማርሩትን አንብቢ፤ «ሰልፉ ረዘመ፣ ወንበር የለም፣ ሻጩ ፊቱ አይፈታም» ካሉ ሂጂ። ሰኞ ዕለት ግን አስቀድመሽ ደውዪ፤ ብዙ ትናንሽ ቤቶች የሚያርፉት ሰኞ ነው።

ዓርብ ማታ ማዲሰን ታድራላችሁ። ዊስኮንሲን ውስጥ ዓርብ ማታ የማይጠበስ ዓሣ የለም ብትዪ ማጋነን አይሆንም። የጀርመንና የፖላንድ ካቶሊኮች ዓርብ ሥጋ ስለማይበሉ ያመጡት ልማድ ነው፤ መጠጥ በተከለከለበት ዘመን ደግሞ ጠላ ቤት መሰሎቹ ቤቶች ደንበኛ እንዳይሸሻቸው ዓሣውን አስፋፉት። ከድንች ቂጣና ከአጃ ዳቦ ጋር ይመጣል። እዚህ ላይ ኃጢአቴን ልናዘዝልሽ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ «ዓሣ ነው፣ ይጾማል» እያልኩ በላሁ። በኋላ አስተናጋጇን ስጠይቃት ሊጡ በወተትና በቢራ የተበጠበጠ ነው፣ ጎመኑም በእንቁላል ማዮኔዝ የተለወሰ ነው አለችኝ። ለእናትሽ ነገርኳት። ፊቷን ታውቂዋለሽ። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ለአባቶች ተዪውና ሊጡን ግን ጠይቂ።

ቅዳሜ ጠዋት ገበያው አያምልጣችሁ። የግዛቱን ምክር ቤት ሕንፃ ዙሪያውን ይከበዋል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1972 ጀምሮ ያለ ነው፤ ነጋዴ አትርፎ የሚሸጥበት አይደለም፣ ያመረተው ሰው ራሱ ነው የሚሸጠው። ሰዉ ሁሉ ሕንፃውን በግራ እጁ አድርጎ ይዞራል፤ በተቃራኒው ከሄድሽ ጋሪና ሕፃን ይጋፋሻል። እዚያ የረጋ አይብ ፍርፋሪ ግዢ፤ ጥርስሽ ሲነክሰው ሲጥ ሲጥ ይላል፣ አዲስ ጫማ በእርጥብ ወለል ላይ እንደሚለው። የእኛ አይብ በአሬራ ሙቀት የሚወጣ ልስልስ ነው፤ ይሄ ሌላ ነገር ነው። በማግስቱ ድምፁ ይጠፋል፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ ጥቂት ሰከንድ ካሞቅሽው ይመለሳል።

ሚልዋኪ ሰዓት ተኩል አይሞላም። የቢራ ከተማ ናት፤ ፓብስት፣ ሽሊትዝ፣ ሚለር የበቀሉት እዚያ ነው፤ አንቺ መሪ ይዘሻልና እለፊው። በምትኩ ስፕሬከር የሚባለውን ሩት ቢር ጠጪ፤ ስሙ ቢር ይሁን እንጂ አልኮል የለውም፣ የዊስኮንሲን ማር ይገባበታል። እኔን ብርዝ ብርዝ ነው ያለኝ፤ እናትሽ ግን ቀምሳ «የሳል መድኃኒት» አለች። ከዚያ ፍሮዝን ከስተርድ። ከአይስክሬም የሚለየው በእንቁላል አስኳሉ ነው፤ ቢያንስ 1.4 በመቶ ካልገባበት በዚያ ስም እንዲሸጥ ሕጉ አይፈቅድም። ሊዮንስ የሚባለው ቤት ከ1942 ጀምሮ ይሸጣል። ቫኒላውን ብቻ ውሰጂ፤ ሌላ ነገር ሲጨመርበት አስኳሉ ይጠፋል።

ስለ ቡና። የነዳጅ ማደያው ቡና እጣቢ ነው፤ በረካ እንኳ አይባልም። ማዲሰንም ሚልዋኪም ቺካጎም ራሳቸው የሚቆሉ ቤቶች አሉ፤ ቺካጎ ኢንተለጀንትሲያ ከ1995 ጀምሮ አለ። ከረጢቱ ላይ «ይርጋጨፌ» ወይም «ጉጂ» ተጽፎ ብታዪ፣ ሻጩም ስሙን እንደምንም አጣሞ ቢጠራው፣ አትሳቂበት፤ አንድ ጊዜ ቀስ ብለሽ አስተካክዪለት። ሦስት ጊዜ አስተካክዬ አንድ ጊዜ ቡናውን በነፃ ጠጥቻለሁ።

ቺካጎን ነግሬሻለሁ፤ ቃሪያው «የሚያቃጥል» ይሁን። ሆትዶጉ የበሬ ሥጋ ነው፤ ቢሆንም እናትሽ እንዳትጨነቅ አሳማ አለመሆኑን ጠይቂ። ኬቸፕ አትጠይቂ፤ ሻጩ እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። ያንን እንደ ድስት የጠለቀ ፒዛ እንግዳ ነው የሚሰለፍለት፤ የአገሬው ሰው ስስ ሆኖ በአራት ማዕዘን የተቆረጠውን ይወዳል፣ እኔም ከነሱ ነኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሀበሻ ምግብ ካማራችሁ ሰሜን በኩል ኤጅዎተር ሰፈር፣ ብሮድዌይ ጎዳና ላይ ታገኛላችሁ። ግን ምነው? ሽሮ እኮ እቤት አለ።

ኢንዲያናፖሊስ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ወጥ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ደርሼ ያወቅኩት ነው። የታወቁበት ምግብ ሰሐን የሚያክል የአሳማ ጥብስና ሰናፍጭን የሚያስንቅ ማባያ ያለው ሽሪምፕ ነው፤ ሁለቱም ለእኛ ቤት አይሆኑም። ነዳጅ ቅጂና እለፊ።

ሲንሲናቲ ግን ቁሚ። በሩን ስትከፍቺ የሚቀበልሽ ሽታ ግራ ያጋባሻል። ቀረፋ ነው፣ ቅርንፉድ ነው፣ ሌላም አለበት፤ እኔ መጀመሪያ ስገባ «ማን ነው እዚህ መከለሻ የፈጨው?» ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ቺሊ ይሉታል፤ የቴክሳሱ ዓይነት እንዳይመስልሽ። በ1922 የመቄዶንያ ስደተኛ ወንድማማቾች ኤምፕረስ በሚባል ቲያትር አጠገብ ከፍተው፣ የአገራቸውን ቅመም የገባበት የተፈጨ ሥጋ ስጎ ፓስታ ላይ አፈሰሱት። ስካይላይን የሚባለውን ሌላውን ቺሊ ቤት በ1949 የከፈተው ግሪካዊ ነው። አስቢው፤ ፓስታ በስጎ እኮ ነው! አዲስ አበባ ምሳ ቤት ተቀምጬ የበላሁት ነገር ኦሃዮ ላይ በመቄዶንያ በኩል ዞሮ ጠበቀኝ። ልዩነቱ ላዩ ላይ እንደ ጉልላት የሚቆለለው የተፈቀፈቀ ቢጫ አይብ ነው።

አዘዛዙ በቁጥር ነው። ባለ ሦስት ካልሽ ፓስታ፣ ስጎ፣ አይብ። ባለ አራት ሽንኩርት ወይም ባቄላ ይጨምራል፤ ባለ አምስት ሁለቱንም። ፓስታውን በሹካ እንዳትጠቀልዪ፤ እንደ ኬክ በሹካው ጎን ቆርጠሽ ነው የምታነሺው። ስጠቀልል አጠገቤ የነበረች አሮጊት እጄን ይዛ አሳየችኝ፤ እንደ አክስቴ ቆጥሬያት ነው የተቀበልኳት። ባለ ሦስትን ብዪ፤ መጀመሪያ እሱን።

ኮሎምበስን አንቺው ትነግሪኛለሽ። ሶማሌዎቹም ሀበሾቹም እንደ እኛ ሰፈር ሞልተዋል፤ ሩዙ ላይ ሙዝ ሲመጣልሽ ለኋላ ብለሽ እንዳታስቀምጪው፣ አብሮ ነው የሚበላው።

ሰማያዊዋን ሣጥን ባዶዋን ልሰጥሽ አስቤ ነበር፤ አይብ ግዙበት ብዬ። ዛሬ ጠዋት ስከፍታት እናትሽ እስከ አፏ ሞልታታለች፤ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሁለት ዕቃ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ። አልነካሁትም፤ አንቺም አትከራከሪያት፤ ተቀብለሽ ጫኚ። ማዲሰን ላይ ለአይቡ የሚሆን ቦታ እንዲኖር ከላይ ያለውን ዳቦ ቆሎ መንገድ ላይ ጨርሱት። ድርቆሹን ግን ኮሎምበስ ሳትገቢ እንዳትከፍቺው።

አባትሽ