«ጌም ታሪክ የለውም» ለተባለው

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የኪነ ጥበብ ገጽ ላይ ከቪዲዮ ጌም ተወስደው ስለተሠሩ ፊልሞች የወጣውን ጽሑፍ በጉጉት ጀምሬ በቅሬታ ጨረስሁት። ጸሐፊው እነዚህ ፊልሞች የሚበላሹት ጌም ከመነሻውም ታሪክ የሌለው የልጆች ጨዋታ ስለሆነ ነው ይላሉ። እኔ ጉርምስናዬን ጌም ቤት ያሳለፍሁ፣ ዛሬም ከሥራ ስገባ ጆይስቲክ የማነሳ፣ ፊልምም የማያመልጠኝ ሰው በመሆኔ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይታየኛል። ፊልሞቹ የሚከሽፉት ጌሙ ታሪክ ስለጎደለው ሳይሆን፣ ሠሪዎቹ የባለታሪኩን ስምና ልብስ ብቻ ወስደው ተጫዋቹ በእጁ ሲያደርገው የነበረውን ነገር ስለሚተዉት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1993 የወጣውን የ«ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ፊልም እንውሰድ። ማሪዮ በጌሙ ላይ ቀይ ቆብ ያደረገ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሰማዩ ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ እሱም እየሮጠና እየዘለለ፣ እንጉዳይ ሲያገኝ እየገዘፈ ወደፊት ይሄዳል። ፊልሙ ግን ከዳይኖሰር ዘር የመጡ ሰዎች በሚኖሩበት ጨለማና ቆሻሻ ከተማ ውስጥ ከተተው። ቦብ ሆስኪንስን የመሰለ ተዋናይ ይዞ እንኳ አልዳነም፤ የማሪዮ ቀጣይ የሲኒማ ፊልም ከሆሊውድ እስኪወጣ ድረስም 30 ዓመት አለፈ። በ2023 የወጣው አኒሜሽን በአንጻሩ ገና ከመጀመሩ ሁለቱን ወንድማማቾች በብሩክሊን ጎዳና ላይ መሰናክሉን እየዘለሉ ሲሮጡ ልክ እንደ ድሮው ጌም ከጎን በኩል ያሳየናል። የስምንት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ይህን ትዕይንት ሲያይ፣ ምንም ሳይዝ ሁለቱ አውራ ጣቶቹ ጭኑ ላይ ሲንቀሳቀሱ ተመልክቻለሁ። እውነቱን ለመናገር የፊልሙ ታሪክ ሳሳ ያለ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ተቀምጬ የማየው አይመስለኝም። ነገር ግን የልጁን ጣቶች ማን እንዳንቀሳቀሳቸው ሠሪዎቹ በሚገባ ያውቃሉ፤ ፊልሙም ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባው በአጋጣሚ አልነበረም።

በ2016 የወጣው «አሳሲንስ ክሪድ» ደግሞ የተቃራኒው ምሳሌ ነው። ጌሙን የምንወደው በጥንታዊ ከተሞች ግንብ ላይ እየተንጠላጠልን ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ስለምንዘል ነበር። ፊልሙ ግን ማይክል ፋስቤንደርን የሚያህል ተዋናይ አብዛኛውን ጊዜ በዘመናችን ላቦራቶሪ ውስጥ ዘግቶበት፣ የአሥራ አምስተኛውን ክፍለ ዘመን ስፔን በቁንጥር አቀመሰን።

ታሪክ የለውም ለሚለው ክርክር ግን ዋናው መልሴ «ዘ ላስት ኦፍ አስ» ነው። ጌሙ በ2013 ወጣ፤ በ2023 ደግሞ ክሬግ ሜዚን ከጌሙ ደራሲ ከኒል ድራክማን ጋር ሆኖ ተከታታይ ድራማ አደረገው። (ላላያችሁት ይቅርታ እየጠየቅሁ መግቢያውን መናገሬ ግድ ነው።) ጌሙ ሲጀምር የምናንቀሳቅሰው ዋናውን ሰው ጆኤልን ሳይሆን ታዳጊ ልጁን ሣራን ነው። ሌሊት ነው፤ ቤቱ ባዶ ነው፤ እሷ በእኛ አውራ ጣት እየተመራች ከክፍል ክፍል አባቷን ትፈልጋለች። ጥቂት ቆይቶ አባትየው እግሯ የተሰበረውን ልጅ አቅፎ ሲሮጥ የምናሮጠው እኛ ነን፤ ስለዚህ እቅፉ ውስጥ ስትሞት ሐዘኑ በሩቅ የሰማነው መርዶ አይሆንም። ይህን በቴሌቪዥን እንዴት ይደግሙታል? ተመልካች ጆይስቲክ የለውም። ድራማው ያደረገው ሣራን የአንድ ቀን ዕድሜ መስጠት ነው፦ ቁርስ ስትሠራ፣ የአባቷን የተበላሸ ሰዓት ለማሠራት ወደ ከተማ ስትወርድ፣ ጎረቤት ቤት ስትቀመጥ እናያታለን። ጌሙ በእጃችን ያስተሳሰረንን፣ ድራማው ቀኑን ሙሉ አብረናት እንድንውል በማድረግ አስተሳሰረን። ይህን የሚያህል ማሰላሰል የተደረገበትን ሥራ ታሪክ የለውም ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ጸሐፊው በተለይ የእግር ኳስ ጌምን ጠቅሰው «ኳስ ከማሳደድ በቀር ምን አለው» ማለታቸውም ሳይመለስ እንዳይቀር እፈልጋለሁ። ፒኢኤስ ስድስት የሚባለውን የእግር ኳስ ጌም የተጫወተ ሰው፣ የስም ፈቃድ ስላልነበረ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ»፣ ቼልሲም «ለንደን ኤፍሲ» ይባሉ እንደነበር ያስታውሳል። በአጎቴ ልጅ ቤት «ማስተር ሊግ» የሚባለውን፣ ቡድን ይዘን ተጫዋች እየገዛን የምንወዳደርበትን የጌሙን ክፍል ስንጀምር የሚሰጠን ቡድን ውስጥ ካስቶሎ የሚባል አጥቂ ነበር። ካስቶሎ በምድር ላይ ያልተፈጠረ ተጫዋች ነው፤ ሆኖም ገንዘብ አጠራቅመን የተሻለ አጥቂ ስንገዛ እሱን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ማስቀመጥ አቅቶን ሁለት ቀን ተጨቃጭቀንበታል። ጌም ቤት ውስጥ ደግሞ ተራ የሚጠብቁት ልጆች ጨዋታውን በአማርኛ ያስተላልፋሉ፤ የአንዱን ቂም፣ የሌላውን ያለፈ ሳምንት ሽንፈት እየጨመሩ ይተርካሉ። ቪዲዮ ቤት ተቀምጦ የውጭ ፊልም በአማርኛ ሲተረክለት ለኖረ ተመልካች ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን እቀበላቸዋለሁ፤ እኛ የጌም ወዳጆች ስንበዛ ጩኸታችን ያሰለቻል። በ2019 የ«ሶኒክ» ፊልም ማስታወቂያ ሲወጣ የባለታሪኩ የሰማያዊው ጃርት ጥርስ የሰው ጥርስ መሰለ ብለን ዓለምን ያወክነው እኛው ነን። ፊልሙ ከኅዳር ወደ የካቲት 2020 ተገፍቶ የጃርቱ መልክ እንደገና ተሠራ። በዚያ ጉዳይ ልክ ነበርን፤ ሁልጊዜ ልክ ነን ግን አልልም።

ለጋዜጣችሁ የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። በየሳምንቱ ለፊልም ከምትሰጡት ቦታ አልፎ አልፎ ጥቂቱን ለጌም ስጡ፤ «ኩኩሉ»ን የመሳሰሉ በአገራችን ልጆች የተሠሩ የስልክ ጌሞችም እንደ ማንኛውም ሥራ ይተቹ። ጽሑፉን የሚያዘጋጁት ሰው ጌም ከዚህ በፊት ካልሞከሩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን ጌም ቤት አጠገቤ ወንበር እይዝላቸዋለሁ። ደንቡን ግን ከወዲሁ ቢያውቁት ይሻላል፤ ሒሳቡን የሚከፍለው የተሸነፈው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
ከአዲስ አበባ