ስለ ኮርኒስ ስፒከሮች አገጣጠም የቀረበ ቅሬታ

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጎንደር

ለስፒከር ሻጭና ገጣሚው ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ከውላችን ውጭ የተገጠሙት የሳሎን ስፒከሮች እንዲስተካከሉልኝ ስለመጠየቅ

ባለፈው ግንቦት መጨረሻ አራዳ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ቤቴ መጥታችሁ ከዙሪያና ከላይ ድምፅ የሚሰጥ ሲስተም ገጥማችሁልኛል። ሙሉ ሒሳቡን በዚያው ሳምንት ከፍያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ፤ አንድ ጊዜም ሱቃችሁ ድረስ መጥቻለሁ። መጀመሪያ «ክረምቱ ይውጣ» ተባልኩ። ክረምቱ ወጣ። ቀጥሎ «ሳሎንዎ ጠባብ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ አይሆንም» ተባልኩ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይኼ መልስ ነው። ሳሎኔ ጠባብ ነው፤ አልክድም። ጠባብ መሆኑን ግን ውል ከመፈራረማችን በፊት መጥታችሁ አይታችኋል።

ቤቱ ከአባቴ የወረስኩት የጭቃ ቤት ነው። ሳሎኑ ርዝመቱ 4 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 3 ሜትር ከ40 ነው። ከወለል እስከ ኮርኒስ 2 ሜትር ከ60 ይሆናል። በግራ በኩል መስኮት አለ። በቀኝ በኩል ወደ ግቢ የሚያወጣ በር አለ። ቴሌቪዥኑ ቡፌው ላይ ነው፤ ሶፋው ከቴሌቪዥኑ ትይዩ ካለው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ሌላ አማራጭ የለውም።

የተዋዋልነው 5.1.2 በሚባለው አደራደር ነው። ከፊት ሦስት ስፒከር (ግራ፣ መሐለኛና ቀኝ)፣ በግራና በቀኝ ግድግዳ ሁለት፣ ቤዝ የሚሰጥ አንድ ዉፈር፣ ኮርኒስ ላይ ሁለት። ፕሮፎርማው ላይ ለኮርኒሶቹ «የጀርባ ሳጥን፣ 2 ፍሬ» ተብሎ ከነዋጋው ተጽፏል፤ ስፒከሩን ከኮርኒስ በላይ ከጀርባው የሚዘጋው ሳጥን ማለት ነው። የገጠማችሁ ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ልጆቻችሁ ደውለው «ግድግዳው አልተመቸንም፣ ኮርኒስ ላይ ብናደርጋቸውስ?» አሉኝ። «ባለሙያዎቹ እናንተ ናችሁ» ብዬ መለስኩ። ይህን ማለቴን አልደብቅም። ማታ ስገባ ግን ኮርኒሱ አምስት ቦታ ተቀዶ አገኘሁት። የመሐለኛውም፣ የግራና የቀኝ ግድግዳዎቹም ስፒከሮች በኮርኒስ ስፒከር ተቀይረው ላይ ወጥተዋል። ታች የቀሩት የፊት ግራና የፊት ቀኝ ብቻ ናቸው።

ከሁሉም የከፋው የመሐለኛው ነው። ፊልምም ሆነ ድራማ ላይ ሰው የሚናገረው በአብዛኛው ከመሐለኛው ስፒከር ነው። እናቴ ዓይኗ ደክሟል። ቴሌቪዥን የምትከታተለው ከማየት ይልቅ በመስማት ነው። ማን እንደሚናገር፣ ከየት እንደመጣ፣ በሩ ተከፍቶ እንደሆነ የምትለየው በጆሮዋ ነው። ይህን ሁሉ ወጪ ያወጣሁትም ለእሷ ብዬ ነው። የመጀመሪያው ምሽት ቁጭ ብለን ስናይ፣ ትንሽ አዳመጠችና «ልጄ፣ ሰዎቹ ጣራ ላይ ወጥተው ነው እንዴ የሚያወሩት?» አለችኝ። ለልጆቻችሁ ብነግራቸው «እማማ ይለምዱታል» አሉ። አምስት ወር ሊሆነው ነው። አልለመደችውም። አሁን ሲስተሙን አጥፍታ በቴሌቪዥኑ በራሱ ድምፅ ነው የምትሰማው።

ሁለተኛው ነገር የዙሪያና የላይ ስፒከሮች መቀላቀላቸው ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና ያለ ሰው ጣሪያው በመላእክት ፊት የተሞላ መሆኑን ያውቃል። ታሪኩ የተሣለው ግን ግድግዳው ላይ ነው። ሁለቱ የየራሳቸው ቦታ ስላላቸው ነው ሰው ገብቶ የሚደነቀው። ድምፅም እንደዚያው ነው። የዙሪያው ድምፅ በጆሮ ቁመት አካባቢ ከጎን መምጣት አለበት፤ የላይኛው ከላይ። ያን ጊዜ ዝናቡ ከላይ ይወርዳል፣ መኪናው በጎን ያልፋል። ዶልቢ አትሞስ የሚባለው፣ ድምፅን ከዙሪያና ከላይ የሚያሰማው ቴክኖሎጂ የሚሠራውም እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ድምፅ ከየት አቅጣጫ መምጣት እንዳለበት ከፊልሙ ጋር ተመዝግቦ ይመጣል። አምፕሊፋየሩ ያንን አይቶ ለየስፒከሩ ያከፋፍላል። እናንተ ግን የዙሪያውን ስፒከር ከላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ አርቃችሁ እዚያው ኮርኒስ ላይ ሰቀላችሁት። አምፕሊፋየሩ ቢያከፋፍልም ለሚሰማው ሰው ሁሉም ከአንድ ቦታ የሚመጣ ነው።

የላይኞቹ ሁለቱም ቢሆኑ እኩል አልተቀመጡም። ቀኙ ከጎን ግድግዳው 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ግራው 1 ሜትር ከ5። ምክንያቱን ስጠይቅ «ሞራሌ ነካን» ነው ያሉኝ፤ ኮርኒሱን የያዘውን እንጨት ማለታቸው ነው። ሞራሌው ቢያስቸግር ሁለቱንም እኩል 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ማምጣት ይቻል ነበር። አሁን ከላይ የሚመጣው ድምፅ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ሄሊኮፕተር ሲያልፍ መሐል ላይ ሲደርስ ይጠፋል።

«ቦታ የለም» ለተባልኩት መልሴ ይኼ ነው። እኔ ራሴ ሜትር ዘርግቼ ለክቻለሁ። በቀኝ በኩል ከበሩ መቃን እስከ ኋላው ግድግዳ 70 ሳንቲ ሜትር ባዶ ግድግዳ አለ። በሩም የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። በግራ በኩል ከመስኮቱ ወዲህ ያለው ከዚያም ይሰፋል። ሶፋው ከግድግዳው 40 ሳንቲ ሜትር ቢላቀቅ፣ የተቀመጠው ሰው ጆሮ ከኋላው ግድግዳ 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። ስፒከሮቹ ከኋላው ግድግዳ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሰቀሉ፣ ከቴሌቪዥኑ አቅጣጫ ሲቆጠር 107 ዲግሪ ገደማ ላይ ይወድቃሉ። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለዙሪያ ስፒከር የሚመክረው ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ነው። ገባ ማለት ነው።

ለላይኞቹም እንደዚሁ። የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለል 1 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከጆሮ እስከ ኮርኒስ 1 ሜትር ከ60 ይቀራል። ዶልቢ ለሁለት የላይ ስፒከሮች የሚመክረው ከአድማጩ ትንሽ ቀደም ብለው፣ ከፊት ግራና ቀኝ ስፒከሮች ጋር በአንድ መስመር እንዲሆኑ ነው። ቀኙ ስፒከራችሁ ከኋላው ግድግዳ 1 ሜትር ላይ ነው። ሶፋው ሲላቀቅ ከጆሮ 30 ሳንቲ ሜትር ቀደም ብሎ፣ 80 ዲግሪ ላይ ይሆናል። ከፊት ቀኙ ስፒከርም ጋር በአንድ መስመር ነው። ይኼኛው ቦታው ትክክል ነው፤ ቦታው አይነካብኝ። ግራውን ብቻ እንደ እሱ አድርጉልኝ።

ስለ ጀርባ ሳጥኑ ደግሞ የማዝነው ከልቤ ነው። በጭቃ ቤት ክፍልን ከክፍል የሚለየው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ቤቱ አንድ ክፍት ቦታ ነው። ጀርባው ክፍት የሆነ የኮርኒስ ስፒከር ወደ ታች የሚጮኸውን ያህል ወደዚያም ይጮኻል። ልጄ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት። መኝታ ቤቷ ሆና ስታጠና ድምፁ ከራሷ በላይ ይመጣባታል። ከእኛ ሳሎን ይልቅ እዚያ ይጎላል ብትለኝ አላመንኳትም ነበር። ሄጄ ሰማሁት፤ እውነቷን ነው። ሬድዮ የሚጠግን ጎረቤቴ አንዱን አውርዶ ሲያየው ምንም ሳጥን የለውም። ድምፅ የሚያፍን ፋይበርም አልተደረገም። ሽቦው ቱቦ ውስጥ ሳይገባ ሞራሌው ላይ ተጋድሟል። አይጥ የሌለበት የኮርኒስ ላይ የለም፤ ይህን እናንተም ታውቃላችሁ። ለሁለት ሳጥን ከፍያለሁ። አንድም አልተሠራልኝም።

ሐምሌ ላይ ደግሞ ሌላ መጣ። የጎንደር ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጩኸቱን ኮርኒሱ ነበር የሚያበርድልን። አሁን በአምስቱም ቀዳዳ ይገባል። ዝናብ ከጀመረ ንግግር መስማት አይቻልም።

ያው ጎረቤቴ 1.5 ቮልት ባትሪ አምጥቶ ስፒከሮቹን ሞክሯቸዋል። የባትሪው ፕላስ ከስፒከሩ ፕላስ ጋር ሲነካ ወረቀቱ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ከአምፕሊፋየሩ በመጣው ሽቦ ጫፍ ሲሞክረው የግራው የላይ ስፒከር ወደ ውስጥ ገባ። ፕላስና ማይነሱ ተገላብጧል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱ ስፒከሮች ይጣላሉ፤ ቤዙ ይሳሳል፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ ይጠፋል። አምፕሊፋየሩም ሁሉም ስፒከሮች እኩል 3 ሜትር ርቀው እንዳሉ አድርጎ ነው የሚያውቀው። ድምፅ 1 ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ርቀቱ ካልተነገረው ድምፆቹን በአንድ ጊዜ ጆሮ ላይ ማድረስ አይችልም። ለዚህ ተብሎ ከዕቃው ጋር የመጣው የመለኪያ ማይክ ላስቲኩ ሳይቀደድ ካርቶኑ ውስጥ ተቀምጧል። አውጥቶ መለካት 15 ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

የምጠይቀው ውሉ እንዲከበር ነው። የመሐለኛው ከኮርኒስ ወርዶ፣ በውሉ ያለው ስፒከር ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ይቀመጥ፤ ቡፌው ላይ 18 ሳንቲ ሜትር ክፍተት አለ። የዙሪያዎቹም ሁለቱ እንደ ውሉ ግድግዳ ላይ ይሁኑ። ግራው የላይ ስፒከር ቦታው ይስተካከል፣ ሽቦውም ይቃና። ለሁለቱም የጀርባ ሳጥን ይሠራ፣ ሽቦው ቱቦ ይግባ። ባዶ የሚቀሩት ቀዳዳዎች በአንድ ዓይነት ቺፑድ ተደፍነው ቀለም ይቀቡ። በመጨረሻም በማይኩ ይለካ። ሶፋውን እኔ አላቅቀዋለሁ።

ይህ በ15 ቀን ውስጥ ካልተደረገ የመግጠሚያውንና የሳጥኖቹን ገንዘብ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። እምቢ ካላችሁም ውሉን፣ ፕሮፎርማውንና ፎቶዎቹን ይዤ ለከተማው ንግድ መምሪያ አቤት እላለሁ። እዚያ ባንደርስ ግን ደስ ይለኛል። ከልጆቻችሁ አንዱ ቀኙን ስፒከር አስተካክሎ ገጥሞታል። መለካት የሚችል ሰው አላችሁ ማለት ነው፤ እሱን ላኩልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ቤት ነኝ። ባልኖርም እናቴ አለች። የመሐለኛውን ስታስተካክሉ እሷን ሶፋው መሐል አስቀምጧት፣ ንግግር ያለበት ነገር ክፈቱና ከየት እንደሚሰማት ጠይቋት።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ