የልጅ ሳል «አለርጂ ነው» ተብሎ ብቻ አይታለፍ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

አዳማ ላይ አቧራውም ነፋሱም ብዙ ነው። ልጅ ካሳለ «አለርጂ ነው» ይባላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። የእህቴ ልጅም እንደዚያ እየተባለ ዓመታት አለፉ። ሽሮፕ፣ ፓፍ፣ አንቲባዮቲክ፣ አንዴም የቲቢ መድኃኒት ወሰደ። ትንሽ ሻል ይለዋል፣ ደግሞ ይብስበታል። በኋላ አንዲት ሐኪም እህቴን «ስትስሚው ጨው ጨው ይላል?» ብላ ጠየቀቻት። ይል ነበር! ተመርምሮ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ተገኘበት።

በሽታው በዘር የሚመጣ ነው። እናትና አባት ራሳቸው ሳይታመሙ የተበላሸውን ጂን ሊሸከሙ ይችላሉ። ሁለቱም ከተሸከሙ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። የሳንባው አክታ እንደ ሙጫ ይወፍራል፣ ጀርም ይራባበታል። ምግብ የሚፈጨውን ፈሳሽ የሚያመነጨው ቆሽትም ስለሚደፈን ልጁ እየበላ አይፋፋም፤ ሰገራው ቅባት የበዛበትና በጣም የሚሸት ይሆናል። አለርጂ ብቻውን ይህን ሁሉ አያመጣም። «የፈረንጅ በሽታ» የሚሉትም ተሳስተዋል። እነሱ ዘንድ ይበዛል እንጂ አፍሪካ ውስጥም ልጆች ይታመሙበታል።

አስቸጋሪው ነገር እነዚህ ልጆች በላዩ ላይ እውነተኛ አለርጂም ሊኖራቸው መቻሉ ነው። አስፐርጂለስ የሚባል ሻጋታ አለ። እርጥብ ጭድና የሻገተ እህል ይወዳል። ከአየር ጋር ገብቶ ወፍራሙ አክታ ውስጥ ይቀራል፣ ሰውነትም በአለርጂ ይቆጣል። ያኔ ልጁ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደረቱ ያፏጫል፣ አንቲባዮቲኩም አልሠራ ይላል። ሕክምናው በአብዛኛው ስቴሮይድ የሚባለው ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ አንዳንዴ የፈንገስ መድኃኒት ይጨመራል። ግን ካልተጠረጠረ ማን ያዝለታል?

እህቴ ቤት ውስጥ ከሰልና ዕጣን ማጨስ ትታለች። ጎረቤቶች መጀመሪያ ቅር ቢላቸውም አሁን ቡናውን እነሱ ዘንድ ያፈላሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። የአዳማ ሙቀትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ላቡ ብዙ ጨው ይዞ ስለሚወጣ ልጁ ይዝላል። ስለዚህ ሐኪሟ ባዘዘችው መጠን ጨው ይጨመርለታል።

የከተማችንን ሐኪሞች የምለምነው፣ ሳንባ ምች የሚመላለስበትና ክብደት የማይጨምር ልጅ ሲመጣ የላብ ምርመራን እንዲያስቡ ነው። ክንዱ እንዲያልብ ይደረግና በላቡ ውስጥ ያለው ክሎራይድ፣ ማለትም ከጨው ንጥረ ነገሮች አንዱ፣ ይለካል። በሊትር 60 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታውን በብርቱ ያመለክታል። ጋዜጣችሁም አንድ የሕፃናት ሳንባ ሐኪም አነጋግሮ በሰፊው ቢጽፍበት ብዙ ወላጆች ያነቡታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአዳማ ነዋሪ