የሴት አያቶቻችሁን አትዝለሉ

ሰላም ዝግጅት ክፍሎች፣ ከጎንደር ነው። ዘሩን ፍለጋ የሚመጣ ወጣት በዝቷል፣ ደስ ይላል፣ ግን ሁሉም የአባት መስመር ብቻ ነው የሚቆጥረው። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ እኛ ጋ ርስት በእናትም ይጠየቅ ስለነበር ሽማግሌዎቹ በሴት አያታቸው በኩል ጭምር መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው ሰው ድረስ ይቆጥሩልሃል፣ ስልክህን ሪከርድ ላይ አድርገህ ዝም ብለህ መስማት ነው።

የክርስትና ስምም ጠይቁ፣ ሰፈሩ ጥሩነሽ የሚላት ሴት ቤተክርስቲያን ወለተ ማርያም ልትሆን ትችላለች። እንደ ቁስቋም ባሉ አድባራት ብራና ላይ የመሬት ስጦታና ሽያጭ ከነምስክሮቹ ስም ተጽፏል፣ ቴዎድሮስ መቅደላ የሰበሰቧቸውን ግን በ1860 እንግሊዞች ወስደዋቸው ብዙዎቹ ዛሬ ለንደን ናቸው (ያናድዳል!)። ደሞ ካህናቱን ሳታስፈቅዱ ካሜራ አታውጡ በናታችሁ።