ስም ጠሪ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ሁለት ዓመት ይቆይ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ
ጎንደር

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የመጪው ዓመት የመምህራን ድልድል ከመሠራቱ በፊት አንድ ጥያቄ ለማቅረብ ነው። ሰባተኛ ክፍልን የያዘ ስም ጠሪ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ወደ ስምንተኛ ክፍል እንዲሻገር፣ ለዚህ ሥራውም በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲመደብለት እጠይቃለሁ።

ስም ጠሪ ዛሬ የሚሠራውን ታውቃላችሁ፤ ቀሪ ይመዘግባል፣ ሮስተር ይሞላል፣ ካርድ ያድላል። በታችኞቹ ክፍሎች አብዛኛውን ቀን ከአንድ መምህር ጋር ይውል የነበረ ልጅ፣ ሰባተኛ ክፍል ሲገባ በየ40 ደቂቃው የሚፈራረቁ መምህራን ይገጥሙታል። ጉርምስና በሚጀምርበት በዚህ ዕድሜ፣ ውሎውን በሙሉ የሚያውቅ አንድም አዋቂ በግቢው ውስጥ ላይኖረው ይችላል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከሚፈጸም የአካል ቅጣት ይጠብቃል፤ ተገቢም ነው። ይሁንና ክፍል ሲረበሽ ብዙዎቻችን የቀረን መሣሪያ ከክፍል ማስወጣትና «ወላጅ አምጣ» ማለት ብቻ ሆኗል።

በአንድ ትምህርት ቤት ያየሁትን ልጥቀስ። በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ከገጠር ወረዳ ወጥቶ አዘዞ አክስቱ ዘንድ የተጠጋ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ እየደረሰ በር ይዘጋበት፣ ሲገባም ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ይጣላ ነበር። በተደጋጋሚ ወላጅ አምጣ ተባለ፤ የሚያመጣው ወላጅ ግን አጠገቡ አልነበረም። ስም ጠሪዋ በዕረፍት ሰዓት፣ ጓደኞቹ በማይሰሙበት ቦታ፣ ጠዋት ምን ሲሠራ እንደሚያረፍድ ጠየቀችው። በጀሪካን ውኃ ሲቀዳ ነበር። ለአክስቱ ደውላ ውኃው ማታ እንዲቀዳ ተስማሙ፤ እርሱንም ወደ ፊት ወንበር አዛውራ የክፍሉን ደብተር የመሰብሰብ ኃላፊነት ሰጠችው። የቤት ሥራ ሳይሠራ ሲመጣ አልማረችውም፤ በዕረፍት ሰዓት አስቀምጣ ታሠራው ነበር። የእርሷን ተግሣጽ የተቀበለው ችግሩን እንደምታውቅ ስላወቀ ይመስለኛል። ጠቡም ቀስ በቀስ ቀረ። መስከረም ሲጠባ ግን እርሷ ሌላ ክፍል ተመደበች፤ ልጁም ታሪኩን ከማያውቅ ሌላ ስም ጠሪ ጋር እንደገና ጀመረ።

አብሮ መቆየት ለጎንደር እንግዳ አይደለም። የአቋቋም (በከበሮና በመቋሚያ የሚታጀበው የቤተ ክርስቲያን ዜማ) ማስመስከሪያ በሆነችው በአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን የኔታ ከደቀ መዝሙሩ ጋር ዓመታት ስለሚቆዩ፣ ዜማው የቱ ላይ እንደሚሰናከልበት ያውቃሉ። በአብነት ትምህርት ቤት አለንጋም እንደነበረ አልዘነጋም፤ እንድንወርሰው የምመኘው ግን አብሮ መቆየቱን ነው።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ሰባተኛና ስምንተኛን በአንድ መካከለኛ እርከን ስላስቀመጣቸው፣ ሁለቱን ዓመት በአንድ ስም ጠሪ ማስያዝ ከመዋቅሩ ጋር ይሄዳል። ልጁ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የሚጠብቀውም በዚሁ ሁለተኛ ዓመት ነው። አዲስ ቅጥር አያስፈልግም። የመምህራን ዝውውር አሠራሩን ሊያስቸግር እንደሚችል እገነዘባለሁ፤ ቢያንስ በዓመት አጋማሽ ስም ጠሪ እንዳይቀየር መመሪያ ቢወጣ ግማሹ ችግር ይቃለላል። የክፍሉ ተማሪ ከ50 በላይ ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱን ልጅ በሻይ ዕረፍት ብቻ ማወቅ ስለማይቻል፣ ሳምንታዊው ክፍለ ጊዜ የግድ ያስፈልጋል።

በሁሉም ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ይጀመር አልልም። ፈቃደኛ በሆኑ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ተሞክሮ፣ የቀሪ መዝገቡና የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው መዝገብ ከቀደመው ዓመት ጋር ይነጻጸር። መምሪያው ርእሳነ መምህራንን፣ ስም ጠሪዎችንና ወላጆችን ከሐምሌ በፊት ለውይይት እንዲጠራልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር፣
በጎንደር ከተማ የመካከለኛ ደረጃ መምህር