ወደ ኬኖራ ለምትሄደው ልጄ

ውድ ልጄ፣

ባለፈው እሑድ ሻንጣሽን ስናሰናዳ፣ ከመጻሕፍትሽ መካከል የሸጎጥኩትን፣ ትራጂክሊ ሂፕ የተባለውን የካናዳ የሮክ ባንድ አሮጌ ሲዲ አውጥተሽ «አባዬ፣ ይህን የምሰማበት ማጫወቻ እንኳ የለኝም» ብለሽኝ ነበር። እውነትሽን ነው፤ ዘፈኖቹን በስልክሽ ታገኚያቸዋለሽ። መልሼ ያስገባሁት ከሠላሳ ዓመት በላይ አብሮኝ የኖረ ዕቃ ስለሆነና ወደምትሄጂበት አብሮሽ እንዲሄድ ስለፈለግሁ ነው። ያን ዕለት «እነዚህን ሰዎች ለምን እንዲህ ወደድካቸው? አደባባይ ላይስ ለምን አለቀስክ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ በአፌ የሰጠሁሽ መልስ የተቆራረጠ ነበር። አሁን ረጋ ብዬ በጽሑፍ ልመልስልሽ።

ወደ ካናዳ የገባሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ነበር፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ቀኖችና ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በ1993 መጀመሪያ፣ በረዶው ገና ሳይለቅ፣ በቶሮንቶ አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ በሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር። ሬዲዮኑ ከምድጃው ትይዩ ባለ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እስኪነጋ ይዘፍናል፤ እኔም ከእንግሊዝኛው አንዱን ቃል ይዤ አሥሩን እየጣልኩ አዳምጣለሁ። አንድ ሌሊት በወፍ ድምፅ የሚጀምር ዘፈን መጣ። ወፏ ሉን የምትባለው፣ በአንድ ዶላሩ ሳንቲም ላይ ምስሏ የተቀረጸው የሐይቅ ወፍ ናት፤ ድምፅዋ ከማዶ ሆኖ የሚጣራ ሰው ይመስላል። ቀጥሎ ቀስ ያለ ጊታር ገባ፤ ከዚያም አንድ ሰው እንደሚያወጋ ሁሉ ሳይቸኩል ማዜም ጀመረ። አብረውኝ ከሚሠሩት መካከል አንድ የሳስካችዋን ተወላጅ ሽማግሌ ነበሩ። ሊጥ የነካ እጃቸውን ሳያብሱ ቆመው ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ሲያልቅም፣ እንግሊዝኛዬ እንዲደርስባቸው ቃላቱን ለያይተው እየተናገሩ፣ ታሪኩን ነገሩኝ።

ዘፈኑ «ዊት ኪንግስ» ይባላል፤ የስንዴ ነገሥታት እንደ ማለት ነው። ትራጂክሊ ሂፕ በ1992 ባወጡት «ፉሊ ኮምፕሊትሊ» በተባለው አልበም ውስጥ ይገኛል፤ በሻንጣሽ ያለውም እሱ ነው። ከዘፈኑ ጀርባ ያለው የዴቪድ ሚልጋርድ ታሪክ ነው። በ1969 በዚያው በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር፣ በሳስካቱን ከተማ አንዲት ወጣት ሴት ተገደለች፤ ያን ጊዜ 16 ዓመቱ የነበረው ሚልጋርድም ገዳይ ተብሎ በማግሥቱ ዓመት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። እናቱ ጆይስ ሚልጋርድ የልጃቸውን ንጽሕና ለማስመስከር ከአንዱ ሹም ደጅ ወደ ሌላው ሲመላለሱ ዕድሜያቸውን ፈጁ። ሚልጋርድ ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ሚያዝያ ተፈታ፤ ወንጀሉን የፈጸመው እሱ አለመሆኑ በዲ ኤን ኤ ምርመራ የተረጋገጠው ግን በ1997 ነው። እንግዲህ ልብ በይ፤ ዘፈኑ በወጣበት ጊዜ ሰውየው ከእስር ቤት ወጥቶ ከሐሜት ገና አልወጣም ነበር። ሽማግሌው ይህን ነግረውኝ ወደ ሊጣቸው ሲመለሱ፣ «ይህ የእኛ ጥፋት ነው» የሚል ቃል ጨመሩ። የዳኛ ወይም የፖሊስ ጥፋት ነው አላሉም።

ለምን እንደወደድኳቸው የሚጀምረው ከዚህ ነው። አዲስ ገቢ የሆነ ሰው ስለሚገባበት አገር የሚነገረው ነገር ሁሉ ምስጋና ነው። በየቢሮው የሚታደለው ወረቀት፣ በቋንቋ ትምህርቱ የምናነበው ምንባብ፣ በደግነት የሚቀበሉን ሰዎች ሁሉ አገራቸው መልካም መሆኑን ይነግሩናል፤ እኔም በጨዋነት ራሴን እነቀንቅ ነበር እንጂ ውስጤ አልተቀበለውም፤ ምክንያቱም ጉድፉን የማይናገር አገር ከዚያ በፊትም አይቻለሁ። በዚያ ሌሊት ግን አገሩ አንድን ልጅ ያለ በደሉ 23 ዓመት ማሰሩን፣ በአገሩ ሬዲዮ፣ በአገሩ ልጆች አንደበት፣ ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ በሚሰማው ዜማ ሰማሁ። ይህን የሚዘፍኑ ሰዎች ባሉበት አገር ልጅ ወልጄ ማሳደግ እችላለሁ ብዬ ያሰብኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ አንቺ ከመወለድሽ ዐሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።

ሰዎቹ አምስት ነበሩ። ጎርድ ዳውኒ ድምፃዊና ገጣሚ፣ ሮብ ቤከር በሊድ ጊታር፣ ፖል ላንግሎይ በሪትም ጊታር፣ ጎርድ ሲንክሌር በቤዝ፣ ጆኒ ፌይ በድራም። ባንዱ በ1984 እዚሁ ኪንግስተን ውስጥ ተቋቋመ፤ ላንግሎይ በ1986 ከተቀላቀለ በኋላ አንድም ሰው ሳይለወጥ 30 ዓመት አብረው ሠሩ። ለሙዚቃ ሰዎች ይህ እንዴት ያለ ብርቅ ነገር እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከካናዳ ድንበር ውጭ ስማቸው ብዙም አልገነነም፤ ይህ ለምን ሆነ የሚለው ክርክር እኔን አስጨንቆኝ አያውቅም።

የዳውኒን ግጥም ለመረዳት ከእንግሊዝኛ ይልቅ የረዳኝ አማርኛ ነው ብልሽ ትገረሚ ይሆናል። ሰምና ወርቅ እየሰማ ያደገ ሰው፣ ላይ ላዩን ስለ አንድ ነገር እያወራ ከሥሩ ሌላ የሚያስቀምጥ ገጣሚ ሲገጥመው አይደናገርም፤ ወርቁን ፍለጋ ይቆፍራል። ለምሳሌ «ፊፍቲ ሚሽን ካፕ» የተባለው ዘፈን ስለ በረዶ ሆኪ ተጫዋቹ ስለ ቢል ባሪልኮ ነው። ባሪልኮ በ1951 ለቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ የዋንጫውን ግብ አስቆጠረ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ዓሣ ለማጥመድ በትንሽ አውሮፕላን ሄዶ ጠፋ። ቡድኑ እስከ 1962 ድረስ ዋንጫ አላገኘም፤ የባሪልኮ አስከሬን የተገኘውም በዚያው ዓመት ነው። ሰሙ የስፖርት ወሬ ነው። እኔ ግን ያገኘሁት ሌላ ነው፤ ደስታ በወጣበት በር የጠፋን ሰው የማይረሳ ሕዝብ። የእኔ ትርጓሜ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ አንቺ ደግሞ ሌላ ታገኚበት ይሆናል።

መድረክ ላይ ደግሞ ዳውኒ ዘፈኑን መሐል ላይ አቁሞ፣ አራቱ እየመቱለት፣ ያልተጻፈ ነገር ከራሱ እያፈለቀ ይናገር ነበር። «ኖቲካል ዲዛስተር» የተባለው ዘፈናቸው እንዲህ በሌላ ዘፈን ሆድ ውስጥ እየተነገረ አድጎ በኋላ በ1994 ራሱን ችሎ የተቀረጸ ነው። ባልንጀሮቹ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቁ ይከተሉታል፤ እሱም እንደማይጥሉት ያውቃል።

በ2016 ግንቦት ወር ዳውኒ ግሊዮብላስቶማ የተባለው የማይድን የአንጎል ካንሰር እንዳለበት ተገለጸ። በዚያው ማስታወቂያ ላይ ባንዱ በመላ አገሪቱ ሊዞር መሆኑ ተነገረ። ስንብት የሚል ስም አልሰጡትም፤ ሁሉም ሰው ግን ገብቶት ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን ጀምሮ ከቪክቶሪያ እስከ ኪንግስተን 15 ኮንሰርቶች ተያዙ። ትኬቱ በተከፈተበት ጠዋት እናትሽና እኔ በሁለት ኮምፒውተር ተቀምጠን ጠበቅን፤ በደቂቃዎች ውስጥ አለቀ፤ ወዲያውም በብዙ እጥፍ ዋጋ ለሽያጭ ቀረበ። በኮምፒውተር ፕሮግራም ትኬት እየዘረፉ የሚቸረችሩ ሰዎች ያደረጉት ነበር። የአንድን ሰው የመጨረሻ ድምፅ እንዲህ ገበያ ማውጣታቸው ዛሬም ያበሳጨኛል።

ስለዚህ የመጨረሻው ኮንሰርት እዚሁ ኪንግስተን በተደረገበት በነሐሴ 20 ቀን ማታ ወደ ገበያው አደባባይ ወጣን። አንቺ 12 ዓመትሽ ነበር፤ ምናልባት የምታስታውሺው ግፊያውንና እግርሽን መታመምሽን ይሆናል። አዳራሹ ከአደባባዩ ብዙም አይርቅም፤ ሰዎቹ በእግር ደቂቃዎች በሚያስኬድ ርቀት ላይ ይዘፍናሉ፤ እኛ በትልቅ ስክሪን እናያቸዋለን። የሕዝብ ማሰራጫው ሲ ቢ ሲ የሪዮ ኦሊምፒክን ሥርጭት አቋርጦ ኮንሰርቱን ያለ አንዳች ማስታወቂያ አስተላለፈ፤ 11.7 ሚሊዮን ሰው ማለትም የአገሪቱ ሕዝብ ሲሶ ያህል እንዳየው በኋላ ተነገረ። የባሪልኮን ዘፈን በመጀመሪያ አደረጉት። «ዊት ኪንግስ» ሦስተኛ ሆኖ ሲመጣ እናትሽ ክንዴን ያዘችኝ፤ የዳቦ ቤቱን ታሪክ ታውቃለችና።

ዳውኒ የሚያብረቀርቅ ልብስ ለብሶ፣ ላባ የተሰካበት ባርኔጣ አድርጎ ነበር። ሕመሙ ትዝታውን ስለነካው ግጥሙን የሚያሳዩ ስክሪኖች ከፊቱ ተደርድረውለታል። አምስቱ በጀማሪነታቸው በትንንሽ መጠጥ ቤቶች እንደሚቆሙት በመድረኩ መሐል ተጠጋግተው ቆሙ። «ግሬስ፣ ቱ» የተባለውን ሲጨርስ ቃል የሌለው ጩኸት ጮኸ፤ እንባውም መጣ። አደባባዩ ጸጥ አለ። ከአጠገባችን አንድ ግዙፍ ሰው ፊቱን በኮፍያው ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ግን በዚያን ጊዜ አላለቀስኩም።

ያለቀስኩት ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሲናገር ነው። የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ዳውኒ እሳቸውን በስም እየጠራ፣ በሰሜን ስላሉት ነባር ሕዝቦች ተናገረ፤ በዚያ ስለሚደርሰው ነገር አንዳች እንዳንሰማ ዕድሜ ልካችንን ሠልጥነን ኖረናል አለ፤ ጉዳዩንም በሰውየው ጫንቃ ላይ፣ ሚሊዮኖች እያዩ፣ አኖረው። የቀረው ጊዜ በወራት የሚቆጠር ሰው ነው። ያን ምሽት ስለ ራሱ ቢያለቅስ፣ ስለ ልጆቹ ቢናገር፣ ዝም ብሎ ቢያመሰግን ማን ይቀየመው ነበር? ከዳቦ ቤቱ ሌሊት ጀምሮ የማውቀው ያው ሰው መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አገሩን በጉድፉ በኩል የሚወድ ሰው ነበር፤ በመጨረሻው ምሽቱም ከዚያ ልማዱ ፈቀቅ አላለም።

ከሁለት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 2016፣ ዳውኒ ስለ ቻኒ ዌንጃክ የሠራቸውን ዐሥር ዘፈኖች አወጣ። ቻኒ ከነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የአኒሺናቤ ልጅ ነበር። የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከወላጆቻቸው ለይተው ከሚያስገቡባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች አንዱ በሆነው በኬኖራው ነበር፤ ከዚያ በ1966 ጥቅምት አምልጦ፣ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ወደ አባቱ ቤት በእግሩ ተነሣ፤ በብርድና በረኃብ ተዳክሞ በባቡር ሐዲድ ዳር ሞቶ ተገኘ። 12 ዓመቱ ነበር። ታሪኩን ባነበብኩ ማታ መኝታ ክፍልሽ በር ላይ ቆሜ ስትተኚ አየሁሽ፤ እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

ዳውኒ በ2017 ጥቅምት 17 ቀን በ53 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ አንቺ በፈቃድሽ መምህር ሆነሽ የምትሄጂው ወደዚያችው ኬኖራ ነው። እናትሽ ስለ ብርዱ ትጨነቃለች፤ እኔም እጨነቃለሁ። ከምታስተምሪያቸው ልጆች መካከል አያቶቻቸው በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ያለፉ ይኖራሉ። ገና ሳይነግሩሽ አትጠይቂያቸው፤ ሲነግሩሽ ግን ያ ሽማግሌ ዘፈኑን እንዳዳመጡት፣ የያዝሽውን ሥራ አቁመሽ ስሚያቸው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ኬኖራ በትልቅ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ ሉኖችም ሐይቁ በረዶ ሠርቶ እስኪያባርራቸው ድረስ እዚያ ይቆያሉ። እኔ በዚህ አገር ይህን ያህል ዘመን ኖሬ የወፏን ድምፅ የሰማሁት በዘፈኑ ውስጥ ብቻ ነው። አንድ ማታ ወደ ውኃው ወርደሽ ከሰማሻት፣ ሌሊትም ቢሆን ደውይና ስልኩን ወደ ሐይቁ አዙሪልኝ።

አባትሽ