ለአባባ እጅና እግር ለሆናችሁ ሁሉ

ውድ ዘመዶቻችን፣ ጎረቤቶቻችንና የእድራችን አባላት፤

ከቀብሩ ዕለት እስከ አርባው ድንኳን ተክላችሁ፣ ንፍሮ ቀቅላችሁ፣ ከእማዬ ጎን ላደራችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። የዛሬው ምስጋናችን ግን ከዚያ በፊት ስላለው ጊዜ ነው፤ አባባ ፓርኪንሰን ከሚባለው የነርቭ በሽታ ጋር ስለኖሩባቸው 8 ዓመታት።

መጀመሪያ የጠፋባቸው ሽታ ነበር። እማዬ ቡና ስትቆላ ጭሱን በእጃቸው ወደ አፍንጫቸው እየሳቡ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ቡና ነው፣ አይሸትም» ይሉ ነበር። እማዬም ነጋዴ ቀየረች። ቀጥሎ ጽሕፈታቸው አነሰ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፉ መምህር የእድሩን መዝገብ ሲሞሉ ፊደሉ ወደ መስመሩ ጫፍ እየደቀቀ ሄዶ ጤፍ አከለ። በሄድንበት ሁሉ «እርጅና ነው» ተባልን፤ ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

በኋላ አንዲት የነርቭ ሐኪም ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። በመሃል አንጎል ዶፓሚን የሚያመነጩ ጠቆር ያሉ ሕዋሳት አሉ፤ እንቅስቃሴያችን የሚቃናው በዚያ ንጥረ ነገር ነው። በፓርኪንሰን እነሱ ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብዙዎቹ አልቀዋል። ሽታ የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ሊጎዳ ይችላል። ለካ የቡና ነጋዴው ምንም አልበደለም!

«ጋሼ ኮሩብን» ብላችሁ የቀራችሁም ነበራችሁ። በሽታው የፊት ጡንቻም ስለሚያደርቅ ነው እንጂ እሳቸውስ በሆዳቸው ይስቁ ነበር። ይህን ሰምታችሁ ተመልሳችሁ ለመጣችሁ፣ ፈገግታ ሳትጠብቁ ለቀለዳችሁላቸው፣ ውለታችሁ አለብን።

እግራቸው በር ላይ ሲደርስ መሬት እንደያዘው ቀጥ ይል ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ሐኪሟ ያለችውን ሰምቶ ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር በአግድም በአግድም ለጠፈላቸው። መስመሩን ልሻገር ሲሉ እግራቸው ይነሳል። በልማድ የሚያስኬደው የአንጎል መንገድ ሲታወክ ዓይን ሌላ መንገድ ያሳየዋል ማለት ነው። መስመር በሌለበት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ አንድ ዲያቆን ክንዳቸውን ይዞ «አንድ፣ ሁለት፤ አንድ፣ ሁለት» እያለ ያስገባቸው ነበር። አንተንም እግዚአብሔር ያክብርህ።

መድኃኒታቸው ሌቮዶፓ ከገበያ ሲጠፋ ከዋሽንግተን በሻንጣ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ አንዲት ፍሬ አላስጓደላችሁም።

አስታማሚያቸው የነበረችው እህታችን ግን ምን ብለን እንደምናመሰግናት አናውቅም። የሥጋ ፕሮቲን መድኃኒቱን ከአንጀት ወደ ደም ሲገባ ይሻማዋል፤ ስለዚህ ክትፎ ይዞ የመጣውን ሁሉ «ከአንድ ሰዓት በኋላ» እያለች ታስጠብቅ ነበር። የተቀየማችሁ ካላችሁ ጥፋቱ የኛ ነው፣ ቀድመን መንገር ነበረብን።

ተሽከርካሪ ወንበራቸውና ምርኩዛቸው እድሩ ቤት ተቀምጠዋል። የሚያስፈልገው ሰው ሳያስፈቅደን ይውሰድ።

ልጆቻቸው